ዐይንን ስለ ማሠልጠን

በላንቴ በመሬት መዝገብ ላይ ተጎንብሰን የምንውል የመንግሥት ሠራተኛ ነን። ቀትር ካለፈ በኋላ የቆላው ሙቀት ሲበረታ አኃዞቹ እርስ በርሳቸው ይደባለቁብናል። አንድ ቀን ማምሻውን የአንድ ሽማግሌ የሙዝ ማሳ 0.38 ሄክታር ሲሆን 0.33 ብለን ገለበጥነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ጭረት ነው፤ በምድር ላይ ግን 500 ካሬ ሜትር ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን በልጃቸው አስነብበው መጡና፥ «ልጄ፥ የቀረውን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ከዚያ ወዲያ ዐይናችንን ለማሠልጠን ቈረጥን። እርሳስ በክንድ ርቀት ይዞ ቀስ በቀስ ወደ አፍንጫ ማቅረብ የሚባለውን ልምምድ ማለዳ ማለዳ እንሠራ ነበር፤ ባልደረቦቻችን እስኪሥቁብን ድረስ። ይህ ልምምድ ሁለቱ ዐይኖቻቸው በቅርብ ነገር ላይ ለመገናኘት ለሚቸገሩ ሰዎች የሚታዘዝ እንጂ ለደከመ ጸሓፊ ሁሉ መድኃኒት አለመሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። በ1920 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር) ዊሊያም ቤትስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በልምምድ ብቻ መነጽር ይጣላል የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ብዙዎች ተከተሉት፥ ሳይንስ ግን አልመሰከረለትም።

የረዳን ከጋሞ ደጋ ወርዶ በሰፈራችን የሚኖር ሸማኔ ነው። ማጉን በድሩ መካከል ሲያመላልስ ይውላል፤ ጥለቱን ግን በማለዳ ብርሃን ብቻ ይሠራል፤ በየመካከሉም መወርወሪያውን አኑሮ ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ አሻግሮ ያያል። ስለ ምን እንደሆነ ብንጠይቀው፥ «ዐይንም እንደ በሬ ነው፤ ሳያርፍ ከተጠመደ ፈር ይለቃል» አለን። ነገሩ እውነት ነው፤ በቅርብ ስናይ በዐይን ውስጥ ያለው ትንሽ ጡንቻ ተኰማትሮ ሌንሱ እንዲወፍር ያደርጋል፥ በሩቅ ስናይ ይላላል። ደግሞም አተኵረን ስንመለከት ሽፋሽፍታችንን መርገብገብ ስለምንቀንስ ዐይናችን ይደርቃል።

አሁን በየ20 ደቂቃው ከመዝገቡ ቀና ብለን፥ 6 ሜትር ያህል በሚርቅ ነገር ላይ፥ ብዙውን ጊዜ በደጃፉ ባለው ማንጎ ላይ፥ ለ20 ሴኮንድ ዐይናችንን እናሳርፋለን። ከምናነበው መስመር በታች ማስመሪያ እናኖራለን፤ አኃዙን ድምፅ አሰምተን ለባልደረባ እናነባለን፤ የእጅ ጽሕፈቱ የከፋውን ገጽ ለማለዳ እናቆየዋለን። በእውነቱ ይህ ዐይንን ከማሠልጠን ይልቅ ልብን ማሠልጠን ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜያችን ወደ አርባ ሲጠጋ ሌንሱ እየጠጠረ መሄዱን ግን ማስመሪያም ማንጎም አይከለክለውም፤ መነጽር መግዣ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምረናል።

የሽማግሌው መዝገብ ታርሟል። አዲሱን ወረቀት በተቀበሉ ጊዜ፥ ማንበብ ባይችሉም፥ ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ቈዩ፤ ኋላም፥ «ስምንቷ የትኛዋ ናት?» አሉን። በጣታችን አሳየናቸው።