በጽሑፍ የታዘዘ ኮምፒዩተር

ወጥ በመሥራት የተመሰገነች ባልቴት የበርበሬዋን ልክ ብትጠየቅ «እንዲያው በዓይኔ ነው» ትላለች። ወጡ ዘወትር ይጣፍጣል፤ ሙያው ግን ከእጇ ጋር የታሰረ ነው። እርሷ ካለፈች በኋላ ልጆቿ ያንኑ ሽንኩርትና ያንኑ ቅቤ ይዘው ቢሞክሩም ጣዕሙን አያገኙትም። በኮምፒዩተር ሙያም ለረዥም ዘመን የኖረው ልማድ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ የተጀመረው ሊኑክስ ዛሬ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችን ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር የሚጠብቅ ባለሙያ አንድ ቀን አዲስ ፕሮግራም ይጭናል፤ በሳምንቱ አንድ ፋይል ከፍቶ ሁለት መስመር ያርማል፤ ከወር በኋላ ደግሞ በሌሊት የደረሰበትን ብልሽት ለማስታገስ በችኮላ ሌላ ለውጥ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ ሥራ አብዛኛው የትም አይመዘገብም። ሦስት ዓመት ሲሞላው ኮምፒዩተሩ በደህና ይሠራል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ባለሙያው ራሱ አሟልቶ መናገር ያቅተዋል። እርሱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወር ወይም ዲስኩ ቢበላሽ፣ ተተኪው ባዶ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ የሌላ ሰው ትዝታ ለመፍታት ይገደዳል።

በኔዘርላንድስ በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ኤልኮ ዶልስትራ እ.ኤ.አ. በ2003 ኒክስ የተባለውን መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ በ2006ም የዶክትሬት ድርሳኑን በዚሁ ላይ አቀረበ። ስሙ «ምንም» ከሚለው የሆላንድኛ ቃል የመጣ ነው። ይኸውም አንድ ፕሮግራም ሲሰናዳ በግልጽ ከተነገረው በቀር ምንም ነገር እንዳያይ ስለሚደረግ ነው። በዚህ መሠረት ላይ ኒክስኦኤስ የሚባል ሙሉ የሊኑክስ ሥርዓት ተገነባ።

በኒክስኦኤስ ባለሙያው «መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥለህ ያንን» እያለ ደረጃ በደረጃ አያዝዝም። ኮምፒዩተሩ ምን እንዲመስል እንደሚፈልግ ብቻ በጽሑፍ ያሰፍራል፦ የትኞቹ ፕሮግራሞች ይኑሩ፣ እነማን ይጠቀሙበት፣ የትኛው አገልግሎት ሲበራ አብሮ ይነሣ፣ ሰዓቱ የየት አገር ይሁን። ሥርዓቱ ጽሑፉን አንብቦ እንደተባለው ይሆናል። እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ማኅደር የሚቀመጥ ሲሆን፣ የማኅደሩ ስም ፕሮግራሙ ከተሠራበት ነገር ሁሉ ተሰልቶ በሚገኝ ባለ 32 ምልክት መለያ ይጀምራል። ከግብዓቶቹ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱ አሮጌውን አይደመስሰውም፤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለውጥ በተደረገ ቁጥር አንድ አዲስ «ትውልድ» ይወለዳል፤ አዲሱ ቢያስቸግር፣ ባለሙያው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር የቀደመውን ትውልድ መርጦ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። ጽሑፉ የሚጻፍበት ቋንቋ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ አሮጌዎቹ ትውልዶችም ዲስኩን ስለሚያጣብቡ በየጊዜው መጠረግ አለባቸው፤ የተጠረገውን መልሶ መምረጥ የለም። የይለፍ ቃል በጽሑፉ ውስጥ ማስፈርም ስሕተት ነው፤ ማኅደሮቹን የኮምፒዩተሩ ተጠቃሚ ሁሉ ሊያነባቸው ይችላልና። የተገልጋዮች መዝገብና ደብዳቤም ከጽሑፉ አይወለዱም፤ ለእነርሱ እንደ ድሮው ቅጂ መያዝ ግድ ነው። ደግሞም የፕሮግራሞቹ ምንጭ በየትኛው ቀን እንደነበረ ተቆልፎ ካልተያዘ፣ ያው ጽሑፍ ዛሬና ከዓመት በኋላ የተለያየ ኮምፒዩተር ሊያስገኝ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ ኮምፒዩተሩ ምን እንዲሆን እንደታዘዘ ይናገራል እንጂ ለምን እንደታዘዘ አይናገርም። ተተኪው አንዲት እንግዳ መስመር ያገኝና ከንቱ መስላው ይሰርዛታል። ማታ አንድ አገልግሎት ይቆማል። ወደ ቀደመው ትውልድ ይመለሳል፤ አገልግሎቱም ይነሣል። ከዚያም መስመሯን ወደ ቦታዋ መልሶ፣ ስትወጣ የሚቆመውን አገልግሎት ስም ከአጠገቧ በማስታወሻ ይጽፋል።