እስክትይዝ ድረስ

ዛሬ ማለዳ የአኳሪየሙን መብራት ሳበራ ያቺ የኮራል ስባሪ አሸዋው ላይ ወድቃ አገኘኋት። ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ቀለሟ ሐምራዊ፣ ስሟ ስታይሎፎራ። ሌሊት ሌሊት ዓለቱን የሚግጠው ቀንድ አውጣ ገፍትሮ ጥሏታል። በተኛችበት ጎን ሥጋዋ ተልጦ፣ የጥፍር ስፋት የሚያህል ነጭ አጥንት ይታያል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ጥቃቅን ፖሊፖች ተያይዘው ይኖሩበታል፤ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ የገዛ አጥንታቸውን ይገነባሉ፤ በሥጋቸው ውስጥም ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁ ዋቅላሚዎችን ያስጠልላሉ። ቅርንጫፉ ስለ ተሰበረ አይሞትም። ስባሪው የጸና መቆሚያ ካገኘ ራሱን ችሎ ሌላ ኮራል ይሆናል፤ ካላገኘ ግን እንደ ወደቀ ይቀራል።

ስባሪዋን የሰጡኝ እንደ እኔ በቨርጂኒያ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ በምጽዋ በባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ከእርሳቸው ነው። ይህ የኮራል ዓይነት በቀይ ባሕር በብዛት ይገኛል፤ በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ሲዋኙ ያዩት እንደ ነበር አጫውተውኛል። ከትልቋ ኮራላቸው በመቁረጫ ቀንጥሰው ሲሰጡኝ ደንግጬ፣ «ኧረ አይስበሯት!» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የምትተርፈኝ አንተ ጋ ያለችው ናት» አሉኝ።

በጥር በረዶ ወረደ፤ በእርሳቸው ሰፈር መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። 25 ዲግሪ መሆን የነበረበት ውኃ ቀዘቀዘ፤ አየርም አጠረው። የስንት ዓመት ድካማቸው ነጭ አጥንት ሆነ። ላጽናናቸው ብደውል ስለ ገንዳቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ «ያቺ ያንተዋ እንዴት ናት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

«ደኅና ናት፣ ጋሼ» አልኋቸው። ስልኩን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀኝ እጄ እስከ ክርኑ ውኃ ውስጥ ነበር፤ ከአሸዋው ላይ እያነሣኋት።

ጥፋቱ የቀንድ አውጣው አልነበረም። መጀመሪያ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሸጉጬ ብቻ ተውኋት። ከወደቀች በኋላ ደግሞ ቀጭን ሙጫ ጠብ አድርጌ፣ አረንጓዴ ዝቃጭ በለበሰ ዓለት ላይ ለጠፍኋት። ሙጫው የያዘው ዝቃጩን እንጂ ዓለቱን አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ የቸኮልሁት እርሷን ለማዳን ሳይሆን የተናገርሁትን ውሸት እውነት ለማድረግ ነበር።

ዛሬ አልቸኮልሁም። ፓምፖቹን አጠፋሁ፤ ዓለቱን ነጩ እስኪታይ ድረስ በብሩሽ ፈተግሁት። እንደ ሊጥ የሚቦካውን ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ ቀለሙ አንድ እስኪሆን አሸሁት። የስባሪዋን ግርጌ አድርቄ ወፍራሙን ሱፐር ግሉ ቀባሁ፤ በላዩ ሊጡን፣ በሊጡም ላይ ዳግመኛ ሙጫ። ይህን ሙጫ እ.ኤ.አ. በ1942 ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልጉ የነበሩ ኬሚስቶች አግኝተውት፣ የነካውን ሁሉ ስላጣበቀባቸው ጥለውት ነበር። የሚያጠነክረው እርጥበት ነውና ውኃ አይፈራም። ስባሪዋን በውኃው ውስጥ ዓለቱ ላይ ጫን፣ ዞር አድርጌ ያዝኋት። እስከ ስድሳ ቈጠርሁ፤ እንደገናም እስከ ስድሳ።

ሙጫው ግን ለዘለዓለም የሚይዛት አይደለም። ሥራው እርሷ እስክትይዝ ድረስ አለማወዛወዝ ነው። ከተስማማት በሳምንታት ውስጥ ሥጋዋ በሊጡ ላይ ይዘረጋል፤ አጥንቷን በዓለቱ ላይ ታነጥፋለች፤ ያን ጊዜ ሙጫው ከሥሯ ተሰውሮ ይቀራል።

እጄን ሳላደርቅ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ በጥር ደኅና ናት ስልዎ ወድቃ ነበር።»

ጥቂት ዝም አሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን ቆማለች። አንድ ጎኗ ግን ተጎድቷል።»

«እንግዲህ አትነካካት» አሉኝ። «ስታድግ መቁረጫዬን ይዤ እመጣለሁ።»