አፍ ያወቀው፣ ዓይን ያላየው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዜማ ለልጅ ትምህርት ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ሀብቱን በአግባቡ ያልያዘ ሰው በሀብቱ ይታለላል። እኔም ተታልዬ ነበርና የሆነውን ልንገርህ።

በ1973 ዓ.ም. ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ ከአንደኛ ክፍል ልጆቼ አንዱ ፊደልን በዜማ ሲያወርደው ለሰሚው ደስ ያሰኝ ነበር። 33ቱን ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለት 231ዱን ፊደል፣ አንድ ሳይስት ይጨርሳል። እኔም ማንበብ የቻለ መስሎኝ ሌሎቹን «እንደ እርሱ ሁኑ» እላቸው ነበር።

አንድ ቀን እንግዶች ክፍሉን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ልመካበት ፈለግሁ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ነ»ን ብቻዋን ጽፌ «ይህች ማን ናት?» አልሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከሀ ልነሣና ልድረስባት?» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አፍሬ በሰው ፊት ተቆጣሁት።

ማታ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። አፉን አስተማርሁ እንጂ ዓይኑን አላስተማርሁም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ግን ይህን ያውቁ ነበር፤ «ሀ ሁ» ካስቆጠሩ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ» ሲያስጠኑ የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ ልጁም ፊደሉን በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። እኔም ራሴ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ስዘምር፣ መዝሙሩን በቃሌ ባውቀውም እንኳ ጣቴን ከቃሉ ሥር እንዳስኬድ እታዘዝ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላስተዋልሁም።

ከዚያ ወዲህ ዜማውን አልተውሁም፤ አያያዜን ለወጥሁ እንጂ። ቤት የሚመቱ አጫጭር ቃላት መርጬ «ሰማ፣ ለማ፣ ቀማ፣ ደማ» ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ እያጨበጨቡ ሲያዜሙ አንዱ በዘንግ ያመለክታል። «ማ» ሳይለወጥ መነሻው ብቻ ሲለወጥ፣ ጆሮ የሰማውን ለውጥ ዓይንም ያየዋል። ቀጥዬም ተራውን አዛብቼ አስነብባለሁ።

ዘንጉን በመጀመሪያ የሰጠሁት ለዚያው ልጅ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ማንበብ ቻለ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲዘምር ግን ዳግመኛ አልሰማሁትም። ይቅርታም አልጠየቅሁትም፤ አስተማሪ ልጅን ይቅርታ መጠየቁ ያን ጊዜ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ፣ ወጣት ሆይ፤ ታናሽህን ፊደል ስታስጠና ዜማ አትንፈገው፤ ጣቱ ግን ከድምፁ አይለይ። ሲሳሳትም ከመቆጣትህ በፊት፣ የጠየቅኸው ያስተማርኸውን እንደ ሆነ አስቀድመህ ራስህን መርምር።