መርከቧ የእኛ፣ ጎታቿ የጎረቤት

አባቴ እስከ 1983 ዓ.ም. በአሰብ ወደብ የጎታች ጀልባ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ በእኔ ስልክ መርከብ ይከታተላል። ከ300 ቶን ያላነሰ ባሕር አቋራጭ መርከብ ስሙን፣ ፍጥነቱንና ያለበትን ቦታ በራዲዮ እንዲያሳውቅ ከእ.ኤ.አ. 2004 ወዲህ ግዴታ ሆኗል። ባለዘጠኝ አኀዙ መለያ ቁጥር በ624 ከጀመረ መርከቡ የኢትዮጵያ ነው፤ በ621 ከጀመረ የጂቡቲ።

«ጅግጅጋ» ጂቡቲ ስትደርስ አባቴ ፊቱ ይፈካል። ወዲያው ደግሞ፣ «ጎታቿ የቱ ነው?» ይለኛል። ትልቅ መርከብ ፍጥነቷን ስትቀንስ መሪዋ አይታዘዝላትም፤ ገፍቶና ስቦ ከወደቡ የሚያስጠጋት ያ ትንሽ ጀልባ ነው። ነክቼ አሳየዋለሁ፤ 621።

ወዳጄ አንባቢ፣ ባሕር በር ስንል የምናስበው ካርታ ነው። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ የማየው ሥራ የፈታ ሙያ ነው፤ አባቴ ለልጁ ሊያወርሰው ያልቻለው።