ባቡሩን የሚነዳው ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን በማታው ትምህርት «መ»ን ደግመን አስጠናን። ማረሻ፣ ምጣድ፣ መዶሻ ካልን በኋላ ማዕድን የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፍን። ቃሉን ለማስረዳት አንድ ሥዕል አሳየን። ሥዕሉ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ አርሊንግተን በሚባል ከተማ ያለ የመዝናኛ ቦታ ነው። የማዕድን ማውጫ ፉርጎ የሚመስሉ ጋሪዎች ተቀጣጥለው ከከፍታ ቁልቁል ይወርዳሉ። እናት፣ አባትና ልጆች ተሳፍረዋል። ይጮኻሉ፤ ግን ይስቃሉ።

«ይህን ባቡር ማን ይነዳዋል?» ብለን ጠየቅን።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። «ነጂ የለውም። ቁልቁለቱ ነው የሚነዳው» አሉ።

እኛም ሳናስብ፣ «የለም አባባ፣ ሞተር ነው የሚነዳው። ያለ ሞተር የሚሄድ ባቡር የለም» አልናቸው። ክፍሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን።

እኒያ አባት በማግሥቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ስማቸውን መጻፍ የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነበር።

ነገሩ ከነከነን። መጽሐፍ አገላብጠን ስናይ ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው ሄድን። በቅሏቸውን ሲያጠጡ አገኘናቸው። «አባባ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አልን።

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ የሳቃችሁብኝ ሰው ፊት ነው። ይህንንም ሰው ፊት ተናገሩት» አሉን።

እውነት አላቸው። በክፍል ውስጥ ተናገርን። አሁን ደግሞ በዚህ ጽሑፍ እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ ወደ ዳገት መውጣት አለበት። ከሐዲዱ መካከል ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱን ሞተር ይስበዋል፤ ሰንሰለቱም ባቡሩን ይዞ ይወጣል። ሞተሩ ያለው ከዳገቱ ዘንድ ነው እንጂ ከባቡሩ ላይ አይደለም። ከአናቱ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ የገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይወስደዋል። በቁልቁለቱ ያገኘው ፍጥነት ቀጣዩን ኮረብታ ያስወጣዋል። ነገር ግን የሐዲዱ ሰበቃና ነፋሱ ጉልበቱን ይቀንሱበታል። ስለዚህ ቀጣዩ ኮረብታ ከፊተኛው ማነስ አለበት። ባቡሩ ሲደክም ሌላ ሰንሰለት ይቀበለዋል። ዳገት ሲወጣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የብረት ጥርስ ነው።

ይህ የአርሊንግተን ባቡር የተሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ነው። ስሙ «ያመለጠው የማዕድን ባቡር» እንደ ማለት ነው። ሐዲዱ የብረት ቱቦ ነው። በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በመጨረሻም ከሐይቅ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ጠልቆ ይወጣል። እጅግ ከፍ አይልም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይሳፈርበታል። በኋላ በሌሎች የመዝናኛ ቦታዎችም የማዕድን ባቡር መሳዮች ተሠሩ።

ለመሆኑ የማዕድን ባቡር እንዴት መጫወቻ ሆነ? ፔንሲልቬንያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ያኔ ማውክ ቸንክ ይባል በነበረ ቦታ፣ በ1827 ለድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ሐዲድ ተዘረጋ። ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሰሉ ከተራራው ወደ ወንዙ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው። ባዶውን ፉርጎ ወደ ላይ የሚጎትቱት ደግሞ በቅሎዎች ናቸው። በቅሎዎቹም ቁልቁል ሲሆን በፉርጎ ተሳፍረው ይወርዱ ነበር። ከለመዱት ወዲያ በእግራችን አንወርድም ብለው እምቢ አሉ ይባላል።

እኒያ አባት ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። «የኔዋም ብታየው አትመለስም ነበር» አሉ።

በ1840ዎቹ ግን የእንፋሎት ሞተር ተተከለ፤ በቅሎዎቹም ከዚያ ሥራ ዐረፉ። ቁልቁለቱን ለማየት የሚመጣው ሰው በዛ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ሐዲዱ ከሰል መጫኑን ትቶ መንገደኛ ብቻ አመላለሰ። በ1884 ደግሞ በኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ፣ ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው ለመጫወቻ ብቻ የሚሆን ሐዲድ ሠራ። ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር።

አንዲት እናት ይህን ሰምተው፣ «በማዕድኑ ሥራ የደከመውስ ሰው?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በፔንሲልቬንያ የከሰል ማውጫዎች ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ከሰል ከድንጋይ ሲለዩ ይውሉ ነበር። በመጫወቻው ባቡር ላይ አቧራውም ድካሙም የለም። የሚስቀው ሕፃን ይህን አያውቅም። እኛ ግን አነበብን፤ አወቅን።

በመጨረሻ እኒያን አባት፣ «እርስዎ ሳያነቡ በምን አወቁት?» አልናቸው።

«ከተራራው ላይ ግንድ ቆርጬ ቁልቁል ስለቅ ነው የኖርኩት» አሉን። «ግንዱን ማን ይነዳዋል?»

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ፊደል ልናስተምራችሁ መጣን። እናንተ ግን ባዶ ሆናችሁ አልጠበቃችሁንም። ስንሳሳት አርሙን። እኒያ አባት ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል። «ማዕድን» የሚለውን ቃልም በሰሌዳው ላይ የጻፉት እሳቸው ናቸው።