በአሽዶድ ያም ምሽግ ከልጅ ልጆች ጋር

በአሽዶድ ደቡብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ጥንት አረቦች የሠሩት ምሽግ አለ፤ አሽዶድ ያም ይሉታል። የልጅ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ የድሮውን ጥበቃ በጨዋታ አሳዩአቸው። አንዱ፣ እኛ ማሽላ ስንጠብቅ ማማ ላይ እንደምንወጣው፣ ባሕሩን ይጠብቅ። የቢዛንታይን መርከብ ከታየ ሌሊት እሳት፣ ቀን ጭስ ይነሣ ነበር። ምልክቱ ከግንብ ወደ ግንብ አልፎ ራምላ ሲደርስ ነጋሪት ይመታል፤ የየመንደሩ ሰው መሣሪያውን ይዞ ወደ ባሕር ይወርዳል። የዛሬው አዛካ እንደማለት ነው፤ ለአሽዶድ ሰው ግን ያለው 45 ሴኮንድ ብቻ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የኢየሩሳሌሙ ተወላጅ አል ሙቀደሲ በ10ኛው መቶ ዘመን እንደጻፈው፣ መርከቡ ምርኮኛ በገንዘብ ሊለቅም ይመጣል፤ ሦስቱን ሰው በ100 ዲናር። ሀብታሙ አንድ ሰው ያስለቅቃል፤ የሌለው ቀለበቱን አውልቆ ያዋጣል፤ አንድም ምርኮኛ እስከማይቀር። ይህንንም አጫውቷቸው፤ ምርኮኞቹ በባሕሩ በኩል ባለው በር ይግቡ።