ሰው ይሳፈርበታል

አያታችን አባባ ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። 90 ዓመት ሞልቷቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ሁላችንንም መርቀው ነው የሄዱት። "ዕድሜ ጠግበው ነው፣ አይለቀስም" ያለን ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን አለቀስን። ዕድሜ የጠገበ ሰውም ይናፍቃል።

አባባ በ16 ዓመታቸው፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ በተለማማጅነት ገቡ፤ በ1982 ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከዚያ ግቢ አልተለዩም። ፈረንሳይኛውን ከአለቆቻቸው፣ ሶማሊኛውንና ኦሮምኛውን ከባልደረቦቻቸው ለመዱት። ድሬዳዋን የቆረቆራት በ1895 የደረሰው ሐዲድ ነው፤ አባባም "እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው" ይሉ ነበር። ንጉሡን፣ ደርግን፣ የ1969ኙን ጦርነት እዚያው ሆነው አሳልፈዋል። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ሥራቸው ቶርኖ ነበር። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ባቡር አይቆምም፤ የተሰበረውን ለክተው፣ ብረቱን ቶርኖው ላይ አስረው፣ ራሳቸው ያወጡታል። እኔ የደረስኩባቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጓሮ ባለችው ሞርሳቸው ላይ የብስክሌቴን ፔዳል ሲያበጁልኝ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከጨረሱ በኋላ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ትንሽ ሻከራቸው መሰለኝ፣ እንደገና ፈትተው በሞረድ ይሞርዱት ጀመር። "አባባ፣ በቃ እኮ!" ስላቸው ቀና ሳይሉ "ሰው ይሳፈርበታል" አሉኝ።

ቤታችን በዚህች ቃል ነው የተዳደረው። የእድር ዳኛ ሳሉ መዝገቡን ደጋግመው ሲደምሩ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ እስከ እኩለ ሌሊት ሲቀመጡ፣ ለእህቴ ሽማግሌ የላከውን ልጅ ቤተሰብ ሲያጠያይቁ መልሳቸው ያው ነው። ያኔ ግትርነት ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን የብዙ ሰው ትዳርና ገንዘብ ሳይበተን የቀረው በዚያ ጥንቃቄያቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ማታ ማታ ተረት አይነግሩንም። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ያሉትን ጣቢያዎች እንደ ዳዊት ያስደግሙናል፦ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት... አዋሽ ላይ ሲደርሱ እሳቸው ዝም ይላሉ፤ መተሐራና ወለንጪቲን እኛው እንቀጥላለን። ምክንያቱን የነገረችን እማማ ናት። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 ሰው በላይ ሲያልቅ፣ ፍርስራሹን ሊያነሱ ከተላኩት አንዱ አባባ ነበሩ። ተመልሰው ሲመጡ ልብሳቸውን እንድታቃጥለው ሰጧት፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቦታ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ "ውሰዱኝ" አሉን። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ሐዲዱን ዝቅ ብለው አዩት። መጋጠሚያው በብየዳ የተያያዘ ነው፤ እንደ ድሮው ሐዲድ ቀጭ ቀጭ አይልም። "ድምፅ የለውም" ሲሉ ቅር ያላቸው መስሎን ነበር። ቆይተው ግን "ደህና አድርገው ሠርተውታል" አሉ። የአሮጌው ባቡር ሰው ሆነው አዲሱን ያለ ምቀኝነት ማድነቃቸው እስከ ዛሬ ያኮራኛል።

ቀብራቸው ላይ አስከሬናቸውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክመው ካደረሷቸው መካከል ግማሾቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ድንኳኑን የተከሉትም፣ ለቀስተኛውን ያበሉትም እነሱው ናቸው። እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

አሁን የወርክሾፕ ጡረተኞችና ልጆቻችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአባባ ጋር የተነሣችሁት ፎቶ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ለአርባቸው አሰባስበን ልናሳትመው ነው። በ1977 ከእሳቸው ጋር አዋሽ የነበራችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ደውሉልን። እሳቸው አልነገሩንም፤ እኛ ግን ማወቅ እንፈልጋለን።